የእንግዳ ውሃ

ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝና ውሃ የሚጠና ነገር መሆኑን ያወቅሁት ሐረር ከገባሁ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ውሃ ማለት ሐይቅ ነው፤ ቁልቁል ይታያል፣ አለ፣ አለቀ። ሐረር ግን ሰው ጠዋት ሲገናኝ ከጤና ቀጥሎ የሚጠያየቀው «ውሃ መጣ?» እየተባባለ ነው። ለባዮሎጂ መምህርነት ተመድቤ እንደመጣሁ ሰሞን ይህ ያስቀኝ ነበር። ብዙም ሳልቆይ እኔም ቧንቧዬን ከፍቼ ጆሮዬን መደቀን ጀመርኩ። መጀመሪያ ይተነፍሳል፣ ቀጥሎ ያስላል፣ ከዚያ ቀይ ውሃ ይተፋል፣ በመጨረሻ ደስ ካለው ይወርዳል። ደስ ካላለው ባልዲዬን ታቅፌ እቀራለሁ።

አፌ አያርፍም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። እናቴ «አንቺ ስትወለጂም ያለቀስሽው ጥያቄ እየጠየቅሽ ነው» ትለኝ ነበር። እንግዲህ አንድ የጥናት ቡድን ቅዳሜና እሑድ፣ ትምህርት ሲዘጋም በየቤቱ እየዞረ የሚጠይቅ ሰው እንደሚፈልግ ስሰማ ዘልዬ ገባሁ። ጠይቂ ተብዬ መላክን የመሰለ ሥራ ከየት ይገኛል?

ጥናቱ ሰፊ ነበር። የሐረርና የዙሪያዋ አፈር፣ ውሃ፣ እርሻ፣ ገበያና የሰው አኗኗር አንዱ ከሌላው ጋር እንዴት እንደተያያዘ ለማየት የተነሣ ነው። መሪያችን ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማይበልጥ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ቁምነገረኛ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በመጀመሪያ ድሬ ጠያራና ሶፊ ወጥተን ከገበሬዎች ጋር ዋልን። ሶፊ ላይ አንድ ሽማግሌ የጫት ማሳቸውን በምን እንደሚያጠጡ ብጠይቃቸው፣ በኦሮምኛ የመለሱትን ባልደረባዬ እየሳቀ ተረጎመልኝ፤ የመጣነው ውሃ ልንሰጥ ነው ወይስ ስለ ውሃ ልናወራ፣ እሱን ቀድመን እንድንነግራቸው ነበር የፈለጉት። እኔም ለጊዜው ልናወራ ነው አልኩ። እሳቸውም ለወሬማ ጊዜ አለን ብለው ጥላ ሥር አስቀመጡን፤ እስከ ቀትር ድረስ ስለ ጉድጓድ፣ ስለ ፓምፕ፣ ስለ ጎረቤት ጠብ አጫወቱን።

ከዚያ ተራው የጀጎል ሆነ። በግንቡ ውስጥ ካሉት ሰፈሮች አንዱ ለእኔ ተሰጠኝ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቀጭን መንገድ፣ ግራና ቀኝ በኖራ የተቀባ ግንብ፣ ከሥር ደግሞ ያረጀ ቧንቧ ከፍሳሽ ቦይ ጎን ለጎን ተኝቷል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቧንቧው ባዶ በሚሆንባቸው ቀናት በስንጥቁ ከቦዩ ይጠጣል፤ ውሃ ሲመጣ ያንኑ ይዞ ወደ ቤት ይገባል። ቢያንስ እኛ የጠረጠርነው እንዲህ ነው። ቡድኑ ከየቤቱ የሚጠጣውን ውሃ በጠርሙስ ወስዶ ያስመረምራል፤ ውጤቱ ታይቶ የየትኛው ሰፈር ቧንቧ ቀድሞ እንደሚቀየር ሐሳብ ይቀርባል። ገንዘቡ ሁሉን ባንዴ አያዳርስም። ንጹሕ የተባለ ሰፈር ወደ ኋላ ይቀራል፤ መቼ እንደሚደርሰው ደግሞ አላህ ይወቀው ይላሉ ሰዎቹ።

የሰፈሩ በር ሐጃ ነበሩ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ሁሉም ሐጃ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። የሴቶቹ አፎቻ መሪ ናቸው። አፎቻ ሌላ ቦታ እድር የምንለው ዓይነት ማኅበር ነው፤ ግን ሐዘኑንም ሠርጉንም እኩል ይሸከማል። ያለ ሐጃ ፈቃድ በዚያ ሰፈር ድመትም በር አታልፍም። ቤታቸው ስገባ ቀይ ከተቀቡት መደቦች መካከል የክብር እንግዳ የሚቀመጥበት ላይ አወጡኝ፤ ትራስ ከጀርባዬ፣ ትራስ ከጎኔ፣ ከፊቴ ሙሉ ትሪ። ጥያቄዬን አንድ ሁለት ብዬ ብጀምር የሚመለስልኝ ያው ነው። ውሃው እንዴት ነው? አልሐምዱሊላህ። ጤናስ? አልሐምዱሊላህ። የሚቸግራችሁ ነገር አለ? ብይ እንጂ ልጄ፣ ምነው አልበላሽም?

አንዷ ብቻ ነበረች በዚያ ቤት አልሐምዱሊላህ ከማለት በፊት ዝም የምትል፤ የሐጃ ምራት። መዳህ የጀመረ ወንድ ልጅ አላት፤ ገና ክረምት ሳይገባ ሆዱን ይይዘዋል፣ ውሃው እየወጣ ይደርቅባታል፣ ይዛው ሆስፒታል ትሮጣለች፣ ይሻለዋል፣ መልሶ ይይዘዋል። ስትነግረኝ አታለቅስም። ልጁን ወደ ደረቷ ጠጋ ታደርገውና ዘንድሮስ ክረምቱን እንጃ ትላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥናቱ ለእኔ ጥናት መሆኑ ቀረና የዚያ ልጅ ክረምት ሆነ።

መሪያችን ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋነቱ ነው ጉድ ያፈላው። ውሃ ልንቀዳ የምንመጣበትን ቀን ቀደም ብሎ ለሐጃ አስነገረ። እሳቸውም በደስታ ተቀበሉ። በቀኑ ስንደርስ ሰፈሩ ሠርግ ያለበት መሰለኝ። ደጃፉ ሁሉ ተጠርጓል። ሴቶቹ ደህና ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሻሻቸውን አሳምረው በየበራቸው ቆመዋል። በየቤቱ የታጠበ እንስራ፣ በወይራ የታጠነ፣ በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነ ይጠብቀናል። ጠርሙሳችንን ከመሙላታቸው በፊት ቅመሱ ይሉናል፤ ቀመስን፣ ጥርስ የሚያቀዘቅዝ፣ ልብ የሚያርስ ውሃ። መሪያችን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ እንደዚህ ተባባሪ ሕዝብ አይቼ አላውቅም እያለ ነበር። እኔም ቅንጣት አልጠረጠርኩም። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ አፌ አያርፍም፣ ግን ያን ዕለት አንድ ጥያቄ አልመጣልኝም።

ውጤቱ ሲመጣ ጉድ ነው። የሰፈሩ ውሃ እንከን የለውም። ሌላም ነገር ነበረው፤ ከዳር እስከ ዳር ያሉት ቤቶች ውሃ ቁርጥ አንድ ዓይነት ነው። መሪያችን እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍም አላየሁም ብሎ ተገረመና፣ እንግዲያማ ይህ ሰፈር መጠበቅ ይችላል ብሎ ሐሳቡን ሊጽፍ ቁጭ አለ። እኔ የምሥራች ላደርስ ጀጎል ሮጥኩ።

ሐጃ ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ማሻአላህ አሉ፣ ለምራታቸው ደገሙላት፣ ለጎረቤት በግድግዳው ላይ ተጣሩ። ምራታቸው ግን ልጇን አቅፋ ቆማ ቀረች። ልጁን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እንደገና ይዞታል፤ ዓይኑ ጎድጉዷል።

«ታዲያ ልጄን የሚያመው ምንድን ነው?» አለች።

ሐጃ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ያ ውሃማ የኛ የቧንቧ ውሃ መች ሆነ ብለው በኩራት ያጫውቱኝ ጀመር። እንግዶች ውሃ ሊቀምሱ ይመጣሉ ሲባል አፎቻው ተሰበሰበ። ከከተማው ዳር ካለው ተራራ፣ ከሐኪም ጋራ በኩል፣ ዘመዳቸው እርሻ ላይ ደግ ምንጭ አለ፤ ከዚያ በአህያ ጀሪካን ሙሉ አስመጡ፣ ለየቤቱ አካፈሉ። አንዷ እንኳ ቀርታ እንዳታሳፍር ብለው ሐጃ ራሳቸው በየቤቱ ዞረው እንስራውን አይተዋል። ሲጨርሱ ምስጋናዬን ጠበቁ።

እኔ ምን ልበል? መጀመሪያ ሳቅሁ። ሳቄ አላቆም ሲል ሐጃም ሳቁ፣ ምን እንዳሳቀኝ ሳያውቁ። ከዚያ ልጁን አየሁትና ሳቄ ጠፋ። ቁጭ ብዬ እንዲህ ንጹሕ ከተባላችሁ ቧንቧችሁ አይቀየርም አልኳቸው። ሐጃ ትራሱን ቀስ ብለው አስተካከሉ።

መሪያችን ነገሩን ስነግረው የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ፤ ሲፈታ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሪፖርቱ የሚገባበት ጊዜ እየደረሰ ነው። ቧንቧው ያን ሰሞን ደርቋል፣ ጥናቱ ደግሞ የሚፈልገው ሰው በቤቱ አስቀምጦ የሚጠጣውን ነው። ያ ውሃ ያለው በበርሜል፣ ከጓዳ ነው፤ ጓዳ እንግዳ አይገባም። ሂጂና ለምኚ አለኝ። ሄድኩ፣ ለመንኩ። ሐጃ ግን ቆፍጠን ብለው ነበር የጠበቁኝ።

«የቤቴን ገመና በጠርሙስ ይዘሽ አገር ልታዞሪ ነው?» አሉኝ። «እንግዳን እንዲህ ያለ ውሃ ቀድቶ መስጠት በኛ ነውር ነው፣ ልጄ።»

«ሐጃ፣ እኔ እኮ እንግዳ አይደለሁም።»

«ታዲያ ምንድን ነሽ? ስትመጪ ትቀመጫለሽ፣ ስትጠግቢ ትሄጃለሽ። እንግዳ ማለት ይኸው ነው።»

ተናድጄ ወጣሁ። በሩን በኃይል ልዘጋው ነበር፤ ከባድ እንጨት ነውና እሱም እምቢ አለኝ። እስከ ቤቴ ድረስ እያልጎመጎምኩ ሄድኩ። ሰው እንዴት ለክብሩ ሲል የልጁን በሽታ ይደብቃል አልኩ። ደግሞ ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ፣ እናቴስ ብትሆን አልኩ። እናቴ ለእንግዳ የሚሆን እንጀራ ያላት ለመምሰል እኛን ጦማችንን ያሳደረችበት ቀን ትዝ አለኝና ንዴቴ ለቀቀኝ። እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ ይባላል። እኔ በዚያ ቤት ወርቅ ሆኜ ከርሜያለሁ። የሚያስፈልገኝ ጨርቅ መሆን ነው።

በዚያው ሳምንት፣ ትምህርት ተዘግቶ ሳለ፣ ሰፈሩ ውስጥ ሠርግ ነበረ፤ የአፎቻው ሴቶች ቀን ከቀን እየተሰበሰቡ ያዘጋጃሉ። አሮጌ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና ሽንኩርት የሚከትፉት ዘንድ ሄጄ ቢላ አነሣሁ። ቢላውን ተቀሙኝ። አነሣሁ፣ ተቀሙኝ። አንዷ በክንዴ ይዛ ወደ መደቡ ጎተተችኝ፣ ሌላዋ ትራስ ይዛ መጣች። በስተመጨረሻ ሽንኩርቱ ክምር ላይ ተቀመጥኩና አልነሣም አልኩ። ሳቁብኝ፤ ይሁን ይህች የጠርሙስ ልጅ፣ አልቅሳ ትሄዳለች ብለው ተውኝ። ማልቀሱንስ አለቀስኩ፤ የሐረር ሽንኩርት ቀልድ አያውቅም።

እነዚያን ቀናት ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ሴቶቹ በቋንቋቸው ይዘፍናሉ፣ አንዷ ትጀምራለች ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ትርጉሙን ስጠይቅ ስለ ሙሽራው አማት ነው ይሉኝና ከዚያ በላይ አይነግሩኝም፤ ከሳቃቸው ግን ደህና ነገር እንዳልሆነ ገብቶኛል። የጎጃም አማርኛዬን እየተቀባበሉ ያሾፉበታል። እኔም የነሱን ቃላት እየሰበርኩ እናገራለሁ፤ ስሰብር ያጨበጭባሉ። አንድ ቀን ርቦኝ ከድስቱ የሥጋ መረቅ ጨልፌ ወደ አፌ ሳደርስ፣ ጎኔ ያለችው ወፍራም ሴትዮ እጄን መታ አድርጋ ማንኪያውን አስጣለችኝ።

«አቦ ዛሬ ረቡዕ ነው» አለችኝ። «ጦምሽን ልትፈቺ ነው?»

ረስቼው ነበር። ለእኔ ዘይት ብቻ የገባበት ወጥ ለብቻው ተሠርቶ፣ ተከድኖ ማዕዘን ላይ ተቀምጦልኛል። ማን እንደሠራው ብጠይቅ አንዷም አላመነች። ያን ወጥ ስበላ የቀመስኩትን ደስታ በሌላ ምግብ አላገኘሁትም።

ከሁሉ የበለጠብኝ ግን የመጀመሪያው ቁጣ ነው። የሽንኩርት ልጣጩን መተላለፊያው ላይ በትኜ ወሬ ይዤ ሳለ ሐጃ ከኋላዬ መጡና፣ የሚሠራው እጅሽ ነው ወይስ አፍሽ፣ ተነሺ ጥረጊ ብለው ጮኹብኝ። በዚያ ሰፈር እንደዚያ የጮኸብኝ ሰው አልነበረም። እየጠረግሁ ፈገግታዬን መደበቅ አቃተኝ። ሐጃ ቁጣቸው ለምን እንደሚያስደስተኝ ግራ ገብቷቸው ሄዱ።

ሠርጉ አልፎ በማግሥቱ እግሬ አብጦ ሐጃ ቤት ገባሁ። ሁሉም ተዘርረዋል። ምራታቸው ልጁን ጭኗ ላይ አስተኝታ እሷም ታንቀላፋለች። ሐጃ መደቡ ላይ ጋደም ብለው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ውሃ ጠማኝ ብዬ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ማንም አልተነሣም። ትራስ አልመጣም፣ ትሪ አልመጣም።

«በርሜሉ ጓዳ ነው» አሉ ሐጃ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ጣሳው ከላዩ አለ። ራስሽ ቅጂ።»

በሕይወቴ ብዙ ምርቃት ተመርቄያለሁ፣ እንደዚያ ያለ ግን የለም። ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። በርሜሉን ከፈትኩ፤ ውሃው ለዓይን ደህና ነው። ጠርሙሶቹ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ፤ ከሠርጉ በፊት ጀምሮ ይዣቸው እዞራለሁ። መቅዳት እችል ነበር፣ የሚያየኝ የለም። እጄ ግን እምቢ አለ። ጣሳውን አስቀምጬ ተመለስኩና ሐጃ አጠገብ ተንበረከክሁ።

«ሐጃ፣ ከዚህ ልውሰድ?»

ዓይናቸውን ገለጡ። እኔን አዩ፣ ጠርሙሱን አዩ፣ ከዚያ የተኛውን ልጅ ረጅም ጊዜ አዩት። ሲተነፍስ ሆዱ ብቅ ጥልቅ ይላል። ምራታቸውም ነቅታ ነበር፤ ትንፋሿን ይዛ ትሰማለች።

«ለቤት ልጅ ገመና የለም» አሉ። «ውሰጂ። ሌሎቹን እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ጉልበታቸውን እያሹ ተነሡ፣ ሻሻቸውን አጠለቁና ከፊቴ ቀደሙ። በየቤቱ በር ላይ ቆመው በቋንቋቸው የሆነ ነገር ይናገራሉ፣ ቤቱ ይስቃል፣ ከዚያ የጓዳው መጋረጃ ይገለጥልኛል። ምን እያሉ እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ይህች ቤታችን ሽንኩርት ከትፋለች፣ አሁን ደግሞ ገመናችንን ትክተፍ ነው የምላቸው አሉኝ። ጠርሙሱ ሁሉ ሞላ። መሪያችን ጠርሙሶቹን ተቀብሎኝ እንዴት አድርጌ እንዳገኘሁ ሲጠይቀኝ፣ ሽንኩርት ሸተተው መሰለኝ አፍንጫውን ነፋ አደረገ። ረጅም ታሪክ ነው አልኩት።

ውጤቱ የፈራነው ሆነ፤ እንዲያውም ባሰ። መሪያችን እንደ ሰው አዘነ። ለሕዝቡ በጨዋ ቋንቋ፣ ሳያስደነግጥ መንገር አለብን ብሎ ሲለማመድ ሰነበተ። ቀኑ ደርሶ የሰፈሩ ሰው ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ፤ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ሐጃ ከፊት፣ ምራታቸው ልጇን አዝላ ከጎናቸው። መሪያችን ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተነሣ። ጉሮሮውን ጠራረገ። ማንም እንዳይደናገጥ፣ ማንንም መውቀስ እንዳልሆነ፣ ይህ የቧንቧው እንጂ የቤተሰቡ ጥፋት እንዳልሆነ ዙሪያ ጥምጥም ከሄደ በኋላ ፊቱን አጥቁሮ ተናገረው።

«ውሃችሁ ለመጠጥ የሚሆን አይደለም።»

ከዚያ ሐጃ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው አልሐምዱሊላህ አሉ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ያቺ ማንኪያ ያስጣለችኝ ሴትዮ አንገቴን አንቃ ሳመችኝ። በግንቡ ማዶ ያሉ ሰዎች ማን አገባ ብለው በበሩ አጮልቀው ያያሉ። መሪያችን ወረቀቱን እንደያዘ ደርቆ ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ የሰሙት ምን መስሏቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። በትክክል ሰምተዋል አልኩት፤ ከእልልታው የተነሣ ሁለቴ መድገም ነበረብኝ። የሐጃ ምራት ሰውን እየገፋች ወደ እኔ መጣች። ልጁን ከጀርባዋ ፈትታ እጄ ላይ አስቀመጠችውና በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። ስትነግረኝ ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰች።

ቧንቧውን የሚቀይሩት ቆፋሪዎች ዝናቡ ሳይጀምር ደረሱ። ያ ቀጭን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ተገለበጠ፤ ሴቶቹ አፈሩን እየዘለሉ ለቆፋሪዎቹ ቁርስ ያመላልሳሉ፣ አሮጌው ቧንቧ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ሲወጣ አይተው ያ አላህ ይላሉ። ከዚያ ክረምቱ ገባ። እኔ በየሳምንቱ እሄድ ነበር፤ ስደርስ ገና ከበሩ የማየው ልጁን ነው። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ። በመስከረም መደቡን ተደግፎ ቆመ፤ የዚያን ክረምት አንድም ቀን ሳይታመም።